«ጋዝ እቀላቅላለሁ»

ልጄ ከምሥራቅ ጀርመን ለእረፍት የመጣች ጊዜ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሄጄ ተቀበልኋት። ወደ አራዳ በሚመልሰን ታክሲ ውስጥ የቀበሌያችን ሱቅ ሻጭ ከፊታችን ተቀምጦ ነበር።

«እሰይ፣ ልጃችን! ለመሆኑ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?» አላት ዞር ብሎ።

«ጋዝ እቀላቅላለሁ፣ አያ።»

ጭኗን ቆነጠጥኋት። ያኔ ለኩራዝና ለምድጃ የምንቀዳው ነጭ ጋዝ በቀበሌ በራሽን ነበር የሚታደለው። ቤንዚን ቀላቅሎ ሸጠ የተባለ የሰፈራችን ሰው በአሻጥር ተይዞ ገና አልተፈታም። ሻጩ ከእግር እስከ ራሷ አይቷት ፊቱን መለሰ። አስተያየቱ ይበልጥ አስፈራኝ፤ ልጄ ተመልሳ የመሄዷ ነገር በእሱ አንድ ቃል ሊቀር ይችላል።

ቤት እንደገባን መስኮቱን ዘጋሁ።

«ምነው ልጄ? ለዚህ ነው ያን ያህል ባሕር የተሻገርሽ?»

እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «እማዬ፣ ላምባ መሰለሽ? እኔ የምለው እንደ አየር ያለውን ነው። እሱንም በእጄ አልነካውም፤ ኮምፒውተር ለሚባል ማሽን እጽፍለታለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

«የትኛው ጋዝ ከየትኛው ጋር፣ በምን ያህል መጠን፣ ሙቀቱ ስንት፣ ግፊቱ ስንት ብዬ። ከዚያ በዓይን የማይታዩ ቅንጣቶች በውስጡ ሲያልፉ ምን እንደሚሆኑ አስልቶ ይነግረኛል። የእኔ ግፊቱ ዝቅ ያለ ነው። ደባርቅ ስንወጣ ትንፋሽ ያጥርሽ የለ? አየሩ ሳስቶ ነው። የእኔ ደግሞ ከዚያም እጅግ የሳሳ።»

«ጨርሶ ባዶ ነው ብትዪውስ? ከመቀላቀሉ ትድኚ ነበር።»

«ማሽኑ እሺ አይለኝም። ባዶ ለምንለው ቦታም ቢሆን ኢምንት ጋዝ መስጠት አለብኝ።»

ግማሹ አልገባኝም። እሳት የሚይዝ ነገር በእጇ አለመኖሩ ግን ገባኝ፤ ለእኔ ያ በቂ ነበር። ለሻጩ ግን ማን ያስረዳው?

በማግስቱ ጀሪካኔን ይዤ ቀበሌው ሱቅ ተሰለፍሁ። ተራዬ ሲደርስ፣ «ያቺ ልጅሽ ጋዝ እቀላቅላለሁ አይደል ያለችው?» አለኝ ሻጩ ጮክ ብሎ።

ሰልፈኛው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ስዘጋጅበት ያደርሁት ሁሉ ከአፌ ጠፋ።

«አየር ነው» አልሁት። «አየር ትጽፋለች።»

አፍጥጦ አየኝና ሳቁ አመለጠው። «ትጻፋ! አየርስ ገና በራሽን አልገባም!»

ወዲያው የተናገረው ራሱን አስደንግጦት ግራ ቀኙን ቃኘ። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ጀሪካኔን እስካፉ ሞላልኝ።

ልጄ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር።

«ምን አልሽው፣ እማዬ?»

ነገርኋት።

«ትክክል ብለሻል» አለችና ከነጀሪካኔ አቀፈችኝ።