ቢጫዋ ወንበርና የቬርኖን ድምፅ

ቬርኖን ሆቫኔክ ሠላሳ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ከአንድ ተሳፋሪ ጋር ተጣልቶ አያውቅም። ከጎረቤቱ ከሬጂስ ጋር ግን በሆዱ ሲጣላ ስንት ዓመቱ! ሬጂስ መጣላታቸውን የሚያውቅ እንኳ አይመስልም ነበር።

የጠቡ ምክንያት ወንበር ነው። አሜሪካ ውስጥ ከፒትስበርግ ከተማ አጠገብ ባለው ቁልቁለታማ ሰፈራቸው በረዶ ሲወርድ፣ ደጃፉን የዛቀ ሰው መኪናውን ይዞ ሲሄድ ቦታው ላይ ወንበር ያስቀምጣል። እስኪመለስ ቦታው የእሱ ነው። የተጻፈ ሕግ የለውም፤ ግን ይከበራል። የቬርኖንን ነጭ የፕላስቲክ ወንበር ብቻ የሚያከብር ጠፋ። ቅዳሜ ከሚስቱ ከማርሊን ጋር ገበያ ደርሶ ሲመለስ ወንበሩ በረዶ ላይ ተጋድሞ፣ በቦታው የማን እንደሆነ የማያውቀው መኪና ተገትሮ ያገኛል። የሬጂስን ቢጫ የብረት ወንበር ማንም ንክች አያደርጋትም። ሬጂስ ካርታ ሊጫወት ሲሄድ ብቻዋን ተኮፍሳ ትጠብቀዋለች። ቬርኖን በመስኮት እያያት እርር ድብን ይላል።

ይባስ ብሎ ወንበሯ የወጣችው ከገዛ ማድ ቤቱ ነው። አዲስ ሲገዙ ለሬጂስ የሰጠችው ማርሊን ናት።

«ሬጂስ በረዶ ሲዝቅ አይተኸዋል? አስፋልቱን እኮ መስታወት ነው የሚያስመስለው» ትላለች።

«ታዲያ ምነው እሱን ባገባሽ!»

«አልጠየቀኝማ!» ብላ ትስቃለች። ቬርኖን ግን እራቱን ሳይጨርስ ይነሳል።

በኅዳሩ ምርጫ የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ አንድ ጥያቄ ወጣ፤ የከተማው የመኪና ማቆሚያ ባለሥልጣን ይቋቋም ወይስ አይቋቋም? ከተቋቋመ መንገድ ላይ የተገኘ ወንበር ሁሉ ተጭኖ ይሄዳል። ቬርኖን ይህን ሲያነብ ቀድማ የታየችው ቢጫዋ ወንበር ናት፣ የጭነት መኪና ላይ እግሮቿን ወደ ሰማይ ሰቅላ። የራሱም ቦታ እንደሚቀር አላጣውም። ይቅራ! ከሬጂስ እስከቀረ ድረስ ምን ቸገረው? እንዲያውም ጎረቤቱን ሁሉ እያንኳኳ «ይቋቋም በሉ» ሲል ሰነበተ፣ የሬጂስን በር ብቻ እየዘለለ።

በምርጫው ቀን ምርጫ ጣቢያው በር ላይ ሬጂስ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «ቬርን፣ ወንበራችንን እንዳታስነጥቀን አደራ!»

«እንዴታ!» አለና ገብቶ ‹ይቋቋም› የሚለው ላይ ምልክት አደረገ። ጥያቄው በአሥራ አንድ ድምፅ ብልጫ አለፈ።

ጥር ላይ በረዶው ወረደ። ቢጫዋ ወንበር ተጭና ስትሄድ ቬርኖን መስኮቱ ላይ ነበር። የዚያን ቀን እራቱን ጥርግ አድርጎ በላ።

በማግስቱ እንደ ልማዱ ጎህ ሳይቀድ በእግሩ ወደ አውቶቡስ ጣቢያ ወጣ። መኪናቸውን የምትይዘው ማርሊን ናት፤ የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ስለምትሠራ ከቀትር በኋላ ትመለሳለች። ማታ ሲመጣ መኪናዋ ደጃፍ ላይ የለችም። ማርሊን ካፖርቷን ሳታወልቅ ተቀምጣለች፤ ጫማዋ በስብሷል፣ ጉልበቷ አብጧል።

«መኪናዋስ?»

«ከታች፣ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ። እዚህ ቦታ የለም፤ ዳገቱን በእግሬ ወጣሁት።»

«በሥራ ቀንማ ደጃፋችን ሁልጊዜ ባዶ አልነበር እንዴ?»

«የምን ባዶ! ጉልበቴን ካመመኝ ጀምሮ ሰባት ክረምት፣ እኔና አንተ ሥራ ስንሄድ ቢጫዋን ወንበር እኛ ደጃፍ የሚያቆምልኝ ሬጂስ ነው። ስገባ መልሶ ይወስዳታል።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ትቀናለሃ! ራሱ ሬጂስ ነው ‹ተይ፣ ቬርንን ይከፋዋል› ያለኝ።»

ቬርኖን ተንበርክኮ የጫማዋን ማሰሪያ መፍታት ጀመረ። ውሃ ጠጥቶ ጠብቋል።

«አሥራ አንድ ድምፅ» አለች ማርሊን ጉልበቷን እያሸች። «ምን ዓይነት ክፉ ሰው ነው ‹ይቋቋም› የሚለው? አንተስ መቼም ‹አይቋቋም› ነው ያልከው፣ አይደል?»

ቬርኖን ከማሰሪያው ላይ ቀና አላለም።

«እግርሽ በረዶ ሆኗል» አላት።