ከእናቴ በረት እስከ ምክር ቤት

ባለፈው ሳምንት ከጦር ኃይሎች ወደ ኮልፌ ስመጣ መንገዱ ተዘጋግቶ ከተሳፈርኩበት ታክሲ ጎን ድርቆሽ የጫነ መኪና ቆመ። ፀሐይ ያሞቀው የደረቅ ሣር ሽታ በመስኮቱ ገባ። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ በሻርፗ አፍንጫዋን ሸፈነች። እኔ ግን ወደ መስኮቱ ተጠጋሁ። የእናቴ በረት እንደዚያ ነበር የሚሸተው፤ በረቱ ትዝ ሲለኝ ደግሞ ጀርመኑ አብሮ ይመጣብኛል።

እናቴ ወደ ቀራንዮ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለው ግቢያችን የወተት ላሞች ነበሯት። አባቴ ከሞተ በኋላ ያስተማሩኝ እነዚያ ላሞች ናቸው ብልህ ማጋነን አይደለም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ጀርመኑ የጓሮዋን ክፍል ተከራየ። ከብት አርቢዎችን ሊያግዝ ለሁለት ዓመት የመጣ ነው ተባልን። መነጽር ያደረገ ባለሙያ ስንጠብቅ፣ በሩን ጎንበስ ብሎ የገባው አንገቱ በፀሐይ የቀላ ገበሬ ነበር። አገሩ የራሱ እርሻ ነበረው። ላሞቹን ለወንድሙ አደራ ሰጥቶ ነው የመጣው።

በመጣ ሰሞን አንድ ጠዋት እናቴ በረት ስትገባ፣ ጀርመኑ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሲያልብ አገኘችው። ሰው የማታስጠጋው ቡሬ ላም ዝም ብላ ታመነዥካለች። እናቴ አሁን አጠገቤ ብትሆን «ቡሬዋ አይደለችም፣ ዳለቻዋ ናት» ብላ ታርመኝ ነበር።

«ተው ልጄ፣ እንግዳ አያልብም፤ ሰው ቢያይ ምን ይለኛል?» አለችው።

«እማማ፣ ጠዋት ካላለብኩ ቀኑ አይጀምርልኝም» አላት፤ እኔ ነኝ በኋላ ቃላቱን ያቃናሁለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ማለቡ የእሱ ሆነ።

አማርኛ የማስተምረው እዚያው በረት ውስጥ ነበር፤ ወተቱ ባልዲው ላይ እየተንቆረቆረ፣ በቆርቆሮው ቀዳዳ የገባው ብርሃን ጀርባው ላይ አርፎ። ከእኛ ጋር ወሬ አያልቅበትም። ሰው ሲሰበሰብ ግን ምላሱ ይታሰራል። አንዴ የጎረቤት ሠርግ ላይ እስቲ አንድ ነገር በል ቢሉት፣ ፊቱ ቀልቶ ወደ ውጭ ወጣ።

ክረምት ሲገባ ጠብ ተነሣ። የላሞቹ አዛባ በዝናብ እየታጠበ በቦዩ ይወርድና ከታች ያሉት ሰዎች ደጅ ላይ ይተኛል። ከሁሉ የባሰባቸው ቤታቸው ቦዩ ጫፍ ላይ የነበረው ልብስ ሰፊዋ ሴትዮ ነበሩ። ለዕድሩ ዳኛ አቤት አሉና አንድ እሑድ ከሰዓት የላይኛውም የታችኛውም ሰው በዕድሩ ድንኳን ውስጥ ተሰበሰበ። ላሞቹ ከሰፈር ይውጡ የሚለው ሐሳብ ብዙ ደጋፊ ነበረው። እናቴ ያን ቀን ምሳ አልበላችም። ላሞቹ ከወጡ መሸጣቸው ነው፤ እነሱ ከተሸጡ የእኔም ትምህርት እዚያው ላይ ያበቃል።

ሁሉም እኩል መናገር ሲጀምር ዳኛው እንኳ የሚሰማቸው አጡ። ይኼኔ ጀርመኑ ተነሣ። ከፊቱ ያለውን ወንበር ጨብጧል።

«እሳቸው ቤት ሄጄ ነበር» አለ ወደ ልብስ ሰፊዋ እያየ። «ሽታው ከባድ ነው። እውነታቸውን ነው።»

እናቴ ዞር ብላ እንዴት እንዳየችው አልረሳውም። ከእኛው ማዕድ የሚበላ ሰው እንዲህ ይላል ብላ አልጠበቀችም።

«አሁን እሳቸው ብቻ ይናገሩ፣ ሌላው ዝም ይበል። ከዚያ እማማ ይናገሩ» ብሎ ተቀመጠ። ንግግሩ ይኸው ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ተነሡ። ልብስ ልትለካ የመጣች ደንበኛ አፍንጫዋን ይዛ እንደወጣች፣ ያን ቀን እንዴት እንዳፈሩ ተናገሩ። እናቴም ተነሣች። ስለ አባቴ ተናገረች፣ ስለ እኔ ተናገረች።

«እኔ እኮ ላሞችሽን ጠልቼ አይደለም» አሉ ልብስ ሰፊዋ ቀስ ብለው። «አዛባው ጉድጓድ ይቆፈርለትና ይከደን ነው የምለው።»

ቅዳሜ ዕለት ሰፈሩ አካፋና ዶማ ይዞ ወጣ። ልብስ ሰፊዋ ለቆፋሪዎቹ ዳቦ ደፉ። ላሞቹም እኛው ጋ ከረሙ።

ከስብሰባው ማግሥት ጠዋት ጀርመኑ እያለበ «ትናንት ያደረግነው እኛ ጋ ፖለቲካ ይባላል» አለኝ።

እናቴ ጥጃውን እየጎተተች «እኛ ጋ ጉርብትና ነው የሚባለው» አለችው። ሳቀ። ቃሉን አስደግሞኝ ቀኑን ሙሉ ሲለማመደው ዋለ።

ጊዜው ሲያልቅ አገሩ ገባ። በየበዓሉ ይደውላል። አንድ ፋሲካ ላይ የመንደሩ ምክር ቤት አባል ሆኖ እንደተመረጠ ነገረን። ቆይቶ ለአገሪቱ ፓርላማ ተወዳደረ። መጀመሪያ ተሸነፈ፣ በቀጣዩ ምርጫ ግን አለፈ። እኔ በደስታ ስዘል እናቴ ስልኩን ተቀበለችኝና «ላሞቹስ?» አለችው። ወንድሙ አርጅቷል፣ እሱም ውሎው ከተማ ሆኗል፤ ሸጧቸዋል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከልዑካን ጋር አዲስ አበባ መጣ። ባለባንዲራ መኪና ይዞ ይመጣል ብለን በሩን ከፍተን ስንጠብቅ፣ ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ በእግሩ መጣ። ሙሉ ልብስ ለብሷል፣ ፀጉሩ ሸብቷል። እናቴም በዚያን ጊዜ ጉልበት ከድቷት ላሞቿን ሸጣ፣ በረቱ የነበረበት ቦታ ላይ የሚከራዩ ክፍሎች ሠርተናል። ሁለቱ ግድግዳው ሥር ፀሐይ ላይ ተቀመጡና የእያንዳንዷን ላም ጠባይ እያነሡ ሲሳሳቁ ዋሉ። እኔ ስለ ሥራው ስጠይቀው፣ የመንደሩ ገበሬዎች ከእኛ ወገን ወጥቷል እያሉ እንደሚያሙት ነገረኝ። ቅር ያለው አይመስልም ነበር። ለእነሱ ያስገኘላቸውን ነገር ሊነግረኝ ጀመረና ተወው፤ ወደ እናቴ ዞሮ ስለ ጥጃዎቹ ጠየቃት።

ሲሄድ ካልሸኘሁት ብላ ክንዱን ይዛ በዝግታ ማዞሪያው ድረስ ሄደች። የታክሲው ረዳት «ጦር ኃይሎች፣ ጦር ኃይሎች» እያለ ይጣራል። እናቴ ጠራችውና «ትልቅ የመንግሥት ሰው ነው፣ ከፊት አስቀምጠው» አለችው። ረዳቱ ሳቀ፤ ግን ከፊት አስቀመጠው። ከመግባቱ በፊት ጀርመኑ ጉልበቷን ሊስም ጎንበስ ሲል፣ ይዛ አቃናችውና ጉንጩን ሳመችው።

ታክሲው ከታጠፈም በኋላ ቆማ ቀረች። ስለ ፓርላማው ወይ ስለ ሱፉ አንድ ነገር ትላለች ብዬ ጠበቅሁ።

«ከስቷል» አለች።

ትንሽ እንደሄድን ደግሞ፣ «ብቻውን ነው መሰለኝ የሚበላው» አለች። ከዚያ ክንዴን ይዛ ወደ ቤት አዘገመች።