በስልክ ሰው አይሞትም

ግሩፓችን አምስት ሰው ነው። ሁላችንም ንፋስ መውጫ አንድ ክፍል የተማርን፣ ከኋላ አንድ ወንበር ላይ የተጋፋን ነን፤ ግሩፑንም «የኋላ ወንበር» ያልነው ለዚያ ነው። ዛሬ ሁላችንም ሃምሳን ቀርበናል። አንዱ ወገዳ ያስተምራል። አንዱ መካነ ኢየሱስ ጨርቅ ይነግዳል፤ መካን ከሥዕል በቀር አይቷት ባያውቅም ከተማሪነታችን ጀምሮ «ሐጂ» እንለዋለን። ሦስታችን እዚሁ ንፋስ መውጫ ቀርተናል፦ የቤት መብራት የሚዘረጋው፣ ድቁናውን ትቶ የፍርድ ቤት ጸሐፊ የሆነውና እኔ። እኔ ማንም ሳይጠይቀኝ መጣጥፍ እጽፋለሁ።

በግሩፑ የሚወራው ይህን ይመስላል፦

«ደህና አደራችሁ?»

«ደህና። ገብሱን ውርጭ መታው» ይላል ጸሐፊው።

«የምን ገብስ? አንተ ገብስ ያለህ ጠርሙስ ውስጥ ነው» ይላል ሐጂ።

«አንተ ደግሞ ስለ ጠርሙስ ምን አገባህ?»

«ሽታው መካነ ኢየሱስ ድረስ መጣብኝ እኮ!»

ስልክ የሰውን ወግ ገደለው የሚሉ ብዙ ምሁራን አሉ። እኔ አልስማማም። እኛ በአካል ስንገናኝም የምናወራው ይህንኑ ነበር፤ ስልኩ የገደለው ነገር የለም፤ ቀድሞም የሚገደል ነገር አልነበረም። ይልቅ በእነዚህ ዓመታት መንገድ በተዘጋና ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር ያቺ ባዶ «ደህና አደራችሁ» ቆጠራ ሆናለች። አምስት ጊዜ ከተጻፈች አምስታችንም አለን ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ ነገር ከወዳጅነት መጠበቅ አቁሜያለሁ።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ መምህሩ በግሩፑ ሳይሆን ለእኔ ለብቻዬ ጻፈ። «የመብራት ሠሪያችን እናት ጠንቶባቸዋል። ቶሎ ይምጣ። ንገረው።» እናቱ የሚኖሩት ወገዳ አጠገብ ገጠር ነው። መልሼ ብደውል ወገዳ ጠፍታለች። ስልክም፣ ዳታም፣ ምንም የለም።

ስልኬን ይዤ ጸሐፊው ዘንድ ሄድኩ። አነበበና ባርኔጣውን አወለቀ።

«ነፍሳቸውን ይማር።»

«ጠንቶባቸዋል ነው እኮ የሚለው።»

«ምን እንዲል ፈለግህ? ጋይንት ውስጥ በስልክ የሞተ ሰው ታውቃለህ?»

አላውቅም። በእኛ አገር ሩቅ ላለ ልጅ ሞት በስልክ አይነገረውም። «አባትህን ትንሽ አሟቸዋል፣ ብቅ በል» ይባላል፤ ልጁ ሲደርስ የሚያገኘው ድንኳን ነው። መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው፤ ሽማግሌና ዘመድ ተሰብስቦ፣ በር አንኳኩቶ፣ ሰውየውን ግራና ቀኝ ይዞ። እኔ ይህን ልማድ ስቃወም ኖሬያለሁ። በሥርዓት የተደራጀ ውሸት ነው ብዬ ጽፌበታለሁ። ስለዚህ ጸሐፊውን ተሟገትኩት። ዛሬውኑ ፊት ለፊት ይነገረው፣ እናትህ ሞተዋል ይባል፣ የሃምሳ ዓመት ሰው ነው አልኩ። ግማሽ ሰዓት ያህል ተከራከርን። ሞታቸው ስለሚነገርበት መንገድ እንጂ ስለ መሞታቸው አንዲት ቃል አልተነጋገርንም። ተቃዋሚነቴ እዚያ ድረስ ብቻ ነበር የሚሄደው።

ክርክሩን ተሸነፍኩ። የሟች ወንድም የሆኑት አጎቱ ከታች ጋይንት ገጠር እስኪመጡ ይጠበቅ፣ ዓርብ ንጋት ላይ ይረዳ ተባለ። ጸሐፊው ሁለተኛ ግሩፕ ከፈተ፤ ያው የኋላ ወንበር ነው፣ መብራት ሠሪውና ኔትወርክ የጠፋበት መምህሩ ብቻ የሉበትም። እዚያ ውስጥ ስለ ድንኳን፣ ስለ አግዳሚ ወንበርና ስለ ቄስ ተነጋገርን። ሐጂ ብቻ አንድ ጥያቄ ጠየቀ።

«ቆይ፣ መምህር ሞቱ ብሎ ጽፏል?»

«ሐጂ፣ የአገሩን ልማድ ታጣዋለህ?»

«አላጣውም። እኔ ግን ጨርቅ ሳልዳስስ አልረከብም።»

«እና ሬሳ ልትዳስስ ነው?» አልኩት እኔ።

ጸሐፊው የሳቅ ምልክት ደረደረ። ሐጂም ሳቀ፤ ከዚያ በኋላ አልጠየቀም። ሮብ ዕለት ከወገዳ የመጣ ሚኒባስ ከቤቴ ፊት ለፊት ቆሞ ሰው ሲያወርድ አይቻለሁ። ወጥቼ አንዱን ተሳፋሪ መጠየቅ እችል ነበር። የሚታወቅ ነገር ምን ብዬ ልጠይቅ?

በዚያው ቀን መብራት ሠሪው በዋናው ግሩፕ ላይ ብቅ አለ።

«ነገ ወገዳ የሚወርድ ሚኒባስ ላይ ቦታ አግኝቻለሁ። እናቴን አይቼ ልመለስ። ስልኳ እምቢ ካለኝ ሁለት ቀኑ ነው።»

ሁላችንም ደነገጥን። መኪና ውስጥ አንድ የማያውቀው ሰው «እግዚአብሔር ያጥናህ» ቢለውስ? ከዚህ የከፋ መርዶ የለም። በሁለተኛው ግሩፕ «ያዘው! ያዘው!» እያሉ ጮሁብኝ። ያዝኩት።

«ነገ የትም አትሄድም። ቤቴ መብራት የለም፤ ፍሪጁም ቆሟል» ብዬ ጻፍኩ።

«አንተ መቼ በብርሃን ጽፈህ ታውቃለህ? አንባቢ ሁሉ ሲደናበር እኮ ነው የሚውለው።»

«ና ብዬሃለሁ። ሥጋዬ ሊበላሽ ነው።»

«እሺ። እናቴ እንደሆነች የትም አትሄድም። ቅዳሜ እወርዳለሁ።»

ከዚያ ተነሥቼ የሳሎኑን ማብሪያ ማጥፊያ ፈታሁና አንዷን ገመድ ነቀልኩ። ከቆጣሪው አጠገብም ሌላ ነቀልኩ፤ ቶሎ እንዳያገኘው።

ሐሙስ ጠዋት መሰላሉን ተሸክሞ መጣ። ሥራው ከጣራ ጀምሮ ነው፤ የቸኮለ ሰው አይደለም። መሰላሉ ላይ ሆኖ ስለ እናቱ አወራኝ። ገጠር ያለው ቤታቸው ውስጥ በሶላር የሚሠራ አምፖል አስገብቶላቸዋል።

«በቀን ታበራዋለች፣ ሲመሽ ታጠፋዋለች» አለ። «ለምን ስላት፣ ሲመሽማ መተኛት ነው፣ ብርሃን የሚያስፈልገው እንግዳ ሲመጣ ነው ትለኛለች።»

ሳቀ። እኔ ከታች መሰላሉን ይዤ «ነበር» ሳልል እንዳሉ አድርጌ ስለ እሳቸው መናገር እንዴት እንደሚከብድ አስብ ነበር። በራሴ ጥንቃቄ ሳልኮራ አልቀረሁም። ስምንት ሰዓት ሲሆን ሁለተኛዋን ገመድ አገኛት።

«ይቺን ሰው ነው የነቀላት።»

«አይጥ ይሆናል።»

«ካቻቪቴ የያዘ አይጥ ነዋ!» አለና መለሳት። ሚኒባሱ ከሄደ አራት ሰዓት አልፎት ነበር።

ዓርብ ንጋት ላይ በሩን አንኳኳን። አጎቱ ከፊት፣ ቄሱ አጠገባቸው፣ እኛ ከኋላ። በሩን ከፍቶ ሲያየን ማንም ምንም ሳይናገር ገባው። ጮኸ፣ መሬት ላይ ወደቀ፣ ያዝነው፣ አለቀስን። የእኔ ለቅሶ እውነተኛ ነበር። ወዲያው ልሂድ ሲል ሽማግሌዎቹ አጥብቀው ከለከሉት፤ ቀብሩ አልፏል፣ ሰው እዚህ እያስተዛዘነህ ነው፣ ተቀመጥ አሉት። ተቀመጠ።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ድንኳኑ ውስጥ እንደተቀመጥኩ ኪሴ ተንቀጠቀጠ። ወገዳ ተመልሳለች። የመምህሩ መልእክቶች ተከታትለው ገቡ። እንደ ጥቁር ሰሌዳ ከላይ ቀን መጻፍ ልማዱ ነው።

ሮብ። «ነገርከው? በር በሩን ያያሉ።»

ሐሙስ። «ዛሬ ቀና ብለው አጥሚት ቀመሱ፤ እየጠየቁት ነው። ሚኒባሱ ጋ ሰው ልኬ ነበር፣ የለም አሉኝ። ምን ሆነ?»

ዓርብ። «ስድስት ሰዓት ላይ። ቀብሩ ለነገ ጠዋት ነው። ሰብሰብ በሉና ጎህ ሲቀድ አርዱት።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የመጀመሪያው መልእክት የጻፈውን ብቻ ነበር የሚለው። ጠንቶባቸዋል ያለው ስለጠናባቸው ነው፤ ቶሎ ይምጣ ያለው ቶሎ እንዲመጣ ነው። ዓርብ ንጋት ላይ እኛ ደረት ስንመታ ሴትዮዋ በር በሩን እያዩ ነበር። ስልኩን ያነበብኩበት ሰዓት ላይ ቀብራቸው እያለቀ ይሆናል።

ጸሐፊውን ከድንኳኑ ጀርባ ጠራሁት። አነበበ፤ ፊቱ አመድ መሰለ።

«አጥፋው» አለ።

«አርባውስ? ቀኑ ይዛባል።»

«ቄሱን እኔ በዘዴ አነጋግራቸዋለሁ። ለመምህሩም እነግረዋለሁ። አንተ ዝም በል።»

ይሉኝታ የማያውቀው ተሟጋች ዝም አልኩ። መልእክቶቹን አላጠፋሁም፤ ለድፍረት ብዬ ግን አይደለም።

ከእሑድ ጀምሮ የወገዳ መንገድ ተዘጋ። ማንም ከዚያ አልመጣም፣ እሱም መሄድ አልቻለም። በግሩፑ «ደህና አደራችሁ» ቀጠለ። ስለ ስንዴ ዝገት፣ ስለ ሐጂ ራሰ በራነት አወራን። ጸሐፊው ቄሱን ለማነጋገር ድፍረት እያጣ አንድ ሳምንት ሌላውን ወለደ፤ ለመምህሩም አልነገረውም። ከዚያ አንድ ቀን መብራት ሠሪው በግሩፑ ላይ ራሱ ጠየቀ።

«መምህር፣ እናቴ ሰኞ ነው ማክሰኞ ያረፈችው? ለአርባዋ ቀኑን ቄሱ ጠይቀውኛል።»

መምህሩ እኛ የሠራነውን አያውቅም።

«ዓርብ ናቸው እንጂ። ስድስት ሰዓት ላይ።»

መብራት ሠሪው ጻፈ፦

«እኔ እኮ ዓርብ ሲነጋ ነው የተረዳሁት።»

መምህሩ እየጻፈ እንደሆነ ስልኬ ያሳያል፤ ይጠፋል፤ እንደገና ያሳያል። 

«ሐሙስ ታወራ ነበር?» ብሎ ጠየቀ ልጃቸው።

አሁን መምህሩ መለሰ። «አይ ወንድሜ። ከሰኞ ጀምሮ ራሳቸውን ስተው ነበር። ብትመጣም አያውቁህም።»

«ሐጂ?»

«እኔ ከመካነ ኢየሱስ ምን አውቃለሁ ወንድምዓለም። አላህ ያጽናህ።»

«አንተስ?» አለኝ እኔን። «አንተ ነገር አታድበሰብስም። ንገረኝ።»

የመምህሩ የሐሙስ መልእክት እዚያው ስልክ ውስጥ ነበረ። አንድ ጊዜ ነክቶ ማስተላለፍ ብቻ ነው የቀረኝ። ጣቴን አነሣሁ፤ ከዚያ ወደ ግሩፑ ተመልሼ ጻፍኩ።

«ራሳቸውን ስተው ነበር።»

ማንበቡን ምልክቱ አሳየኝ። መለሰ።

«ሁለታችሁም በአንድ ቃል እንዲህ ካላችሁ፣ ስታወራ ነበር ማለት ነው።»