ወፏ እስክትጮኽ

ይህ ነገር የገጠመኝ የዛሬ ሦስት ዓመት እዚሁ ኦስሎ ውስጥ፣ በግንቦት፣ የኖርዌይ የባንዲራ በዓል ባለፈ በሳምንቱ ነው። አብረውኝ የሚሠሩ ሰዎች መንገድ ላይ ድንገት ቆሜ ጆሮዬን ወደ ዛፍ ስሰጥ እያዩ "ምን ነካት?" ይላሉ። ምን እንደነካኝ ልንገራችሁ።

የምኖረው ሮምሶስ የሚባል ሰፈር ነው። ከሕንፃችን ጀርባ ጫካው ይጀምራል፤ እዚህ ማርካ ይሉታል። አሥራ አንድ ዓመት ስኖር ከጫፉ አልፌ አላውቅም ነበር። ሥራዬ ጽዳት ነው፤ ጎህ ሳይቀድ ወጥቼ ስመለስ የሚታየኝ አልጋዬ ብቻ ነው። ያን ሰሞን ግን ወገቤን አሞኝ የሕመም ፈቃድ፣ እዚህ ሲክመልድ የሚሉትን፣ ወጥቼ ቤት ዋልኩ። ሐኪሟ "ተኝተሽ አይሻልሽም፤ በየቀኑ በእግርሽ ሂጂ" አለችኝ።

ያን ቀን ጠዋት ስልኬን ቻርጅ ላይ ትቼ ወጣሁ። ሩቅ የመሄድ ሐሳብ አልነበረኝም። ጫካው መግቢያ ላይ አንድ ወፍ ይዘፍናል። ቀስ ብሎ ይጀምርና መጨረሻው ላይ ተጣድፎ ይወርዳል፤ ደረጃ ላይ የተለቀቀ ብይ ይመስላል። ላየው ብዬ ጠጋ አልኩ። እሱ ወደፊት ሄደ። እኔም ተከተልኩት። እንዲህ እየተባባልን ምን ያህል እንደሄድን አላውቅም። ወገቤን ረሳሁት። የእግሬን ድምፅ እንኳ ሣሩ ዋጠው።

ቀና ስል ጉም ወርዷል። ከእጄ ርዝመት ወዲያ ያለው ዛፍ እንደ ጥላ ነው። ዞር አልኩ፤ የመጣሁበት መንገድ የለም። በግራ ሄድኩ፤ በቀኝ ሄድኩ፤ አንድ የወደቀ ግንድ ሦስት ጊዜ አለፍኩ። ያኔ ፈራሁ። "እመቤቴ፣ ከቤቴ ጓሮ ልጥፋ?" አልኩ ድምፄን አውጥቼ።

"ቀስ በይ" የሚል የሰው ድምፅ መለሰልኝ፤ በኖርዌይኛ።

ክው ብዬ ቀረሁ። አንድ ሽማግሌ ዛፍ ተደግፈው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። አንገታቸው ላይ አቅርቦ ማሳያ መነጽር ተንጠልጥሏል። ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ወደ ላይ ጠቆሙኝ። ግንዱ ላይ ቀዳዳ አለ። ቀዳዳው አፍ ላይ አንድ ትልቅ ግንደ ቆርቁር ተለጥፏል፤ ከሰል የመሰለ ጥቁር፣ አናቱ ላይ ቀይ። ከውስጥ የጫጩቶች ጫጫታ ይሰማል።

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ወፏ ሄደች፤ መጣች፤ ደግሞ ሄደች። እውነቱን ለመናገር መጥፋቴን ዘነጋሁት። እንቅልፍና ንቃት መሃል ያለሁ መሰለኝ። ልቤ የተመለሰው የሰውዬውን እጅ ሳይ ነው። ይንቀጠቀጣል። ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆኗል።

"ደህና ነዎት?" አልኳቸው። በኖርዌይኛ አንቱታ የለም፤ እኔ ግን በልቤ አንቱ እያልኩ ነው።

"ኔይ፣ አይደለሁም" አሉ፤ ፈገግ ለማለት እየሞከሩ። "እግሬ ሳይሰበር አልቀረም። ሊነጋጋ ሲል ነው የወደቅኩት። ስልኬም ከድንጋይ ተጋጭቶ ተሰበረ።"

"ታዲያ ለምን አልጮኹም?"

"ጮኼ ነበር። ከዚያ ወፏ መጣች።"

መንገዱን ያውቁት እንደሆነ ጠየቅኳቸው። "ከልጅነቴ ጀምሮ" አሉ።

"እኔ ደግሞ ጠፍቼ ነው።"

ትክ ብለው አዩኝና ሳቁ። "እንግዲህ መንገዱ እኔ ዘንድ ነው፤ እግሩ አንቺ ዘንድ።"

ጃኬቴን አልብሻቸው ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ። ስማቸው አርነ ነው። እጄን ይዘው እንደ ተማሪ ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። "ዓይንሽን እርሺው፤ በጆሮሽ ነው የምትሄጂው። ቁልቁል ውረጂ፤ ጅረት ትሰሚያለሽ። አትሻገሪው። በግራሽ አድርገሽ ሂጂ። ጅረቱ ረግረግ ውስጥ ገብቶ ድምፁ ሲጠፋ ቁሚ። እዚያ ሎም የሚባል ወፍ እስኪጮኽ ጠብቂ። ሎም ከሐይቅ አይለይም። ወደ ድምፁ ሂጂ፤ ከሐይቁ ዳር ሰፊ መንገድ አለ፤ ዝናብም ቢሆን ሰው ይሮጥበታል።"

"ካልጮኸስ?"

"ይጮኻል" አሉ። እሳቸውም እርግጠኛ እንዳልሆኑ ዓይናቸው ላይ አየሁ።

ጅረቱን አገኘሁት። በግራዬ አድርጌ ሄድኩ። እንዳሉኝም ውሃው ድምፁን አጠፋ። ቆምኩ። ብዙ ዝምታ አውቃለሁ፤ እንደዚያ ያለ ግን አላውቅም። ጉሙ ፊቴን ይነካኛል። ቅጠል ላይ የምትወርደው ጠብታ ትሰማኛለች። ልቤን እሰማለሁ። ብርዱ ሸሚዜን አልፎ ገባ። አንዴ ልሂድ ብዬ እግሬን አነሳሁ፤ መለስኩት። እዚያ የተቀመጡት ሰውዬ የሚድኑት እኔ ከቆምኩ ነው። እንዲህ ሆኖ መጠበቅ ምን ያህል እንደሚከብድ የማውቀው እኔ ነኝ።

ከዚያ ወፏ ጮኸች። ረዥም፣ ወደ ላይ የሚወጣ ድምፅ ነው፤ ሰው ከወዲያ ማዶ ሌላውን ሰው በስሙ የሚጣራ ይመስላል። ድምፁ ሳይበርድ ወደሱ ሄድኩ። ሁለተኛ ስትጮኽ ጫማዬ ውሃ ነካ።

መንገዱ ላይ ውሻ ይዛ የምትሮጥ ሴት አገኘሁ። በስልኳ እርዳታ ጠራችልን። ሰዎቹ ሲመጡ መሪዋ እኔ ሆንኩ። ጉሙ ገና አልተነሣም፤ ጅረቱን በቀኜ አድርጌ መራኋቸው። "እርግጠኛ ነሽ?" አለኝ አንዱ። "ያ" አልኩት፤ አዎ ማለቴ ነው። አዎን እንደዚያ ቀን በእርግጠኝነት ያልኩበት ጊዜ የለም።

አርነን ዓይናቸውን ጨፍነው አገኘናቸው። እጃቸውን ስይዘው ገለጡት። "ጮኸች?" አሉኝ።

በቃሬዛ ተሸክመናቸው ስንወርድ ከሩቅ ኩኩ፣ ኩኩ የሚል የወፍ ድምፅ ተሰማ። ጣታቸውን አንሥተው ሁላችንንም አስቆሙን። "ከምዕራብ ነው! የእኛ አባቶች ከምዕራብ ሲጮኽ ደግ ነው ይላሉ።" ተሸካሚዎቹ ሳቁ። እኔ አለቀስኩ።

የተሰበረው የዳሌ አጥንታቸው ነበር። ሆስፒታል ስጠይቃቸው አንድ ሰፈር መሆናችንን አወቅን፤ ከእኔ ሕንፃ ሦስተኛው ሕንፃ ውስጥ ነው የሚኖሩት። በበጋው መጨረሻ ቀጥ ብለው መሄድ ሲጀምሩ እሑድ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ፣ አብረን መውጣት ጀመርን። በመከር ዝይዎቹ ተሰልፈው ወደ ደቡብ ሲያልፉ አብረን ቆጥረናል። በክረምቱ በረዶ አናታቸው ላይ ጉትያ ያላቸው ወፎች መጥተው ከመኪና ማቆሚያው አጠገብ ያለውን ቀይ የዛፍ ፍሬ በአንድ ከሰዓት ሲጨርሱት አይተናል። በመጋቢት መጀመሪያ የሚዘፍነው ማን እንደሆነ አሁን ማንም ሳይነግረኝ አውቃለሁ።

አርነ ዘንድሮ ሰማንያ አራት ሞልቷቸዋል። ድምፀ ቀጭኖቹ ወፎች ከጆሮአቸው ጠፍተዋል። ባለፈው እሑድ አንድ ጥድ ሥር ቆመን፣ ከላይ መርፌ የመሰለ ድምፅ ይመጣል። እሳቸው ፊቴን ነው የሚያዩት።

"አለች?" አሉኝ።

"አለች" አልኳቸው። ክንዴን ይዘው፣ ወፏ እስክትጨርስ አብረውኝ ቆሙ።