የሚያፏጨው ቀለህ

ልጄ የእስክሪብቶ ክዳን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ስታፏጭ፣ ገጠር ጪጩ ያለው የልጅነት ቤታችን በረንዳ ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

እንሰታችንን ከርከሮ ስለሚጨርሰው አባዬ የአደን ጠመንጃውን ጥይት እቤት እየሞላ ይጠቀም ነበር። ከተተኮሱት ባዶ ቀለሆች ውስጥ እንደገና ባሩድና እርሳስ የሚገባባቸውን የምትመርጥለት ታላቅ እህቴ አልማዝ ናት። የእያንዳንዱን አፍ ትነፋለች፤ ደህናው ያፏጫል፣ የተሰነጠቀው ትንፋሽ ብቻ ያሰማል።

"የሷ ጆሮ አይስትም" ይላል አባዬ።

የኔ ድርሻ ጭቃቸውን በጨርቅ መጥረግ ነበር።

አንድ ቀን ቅናቱ አላስችል አለኝና አንድ ስንጥቅ ቀለህ እሷ ከመረጠቻቸው ጋር ደባለቅኩ። አባዬ አነሳው፣ ነፋው፤ አላፏጨም። እሷን ሲቆጣት ለማየት ስጠብቅ ወደኔ ዞረ።

"ይሄ ቢፈነዳ የሚፈነዳው ፊቴ ላይ እኮ ነው፣ ልጄ" አለኝ ቀስ ብሎ።

ያኔ የገባኝ መያዜ ብቻ ነበር።

"ማን አስተማረሽ?" አልኳት ልጄን።

"አክስቴ አልማዝ።"

ክዳኑን ተቀብያት ነፋሁት። ጥርት አድርጎ አፏጨ።

"ተሰንጥቋል፣ ጣይው" አልኳት።