ሉፕን በደቦ

ነቀምቴ ባለው ዩኒቨርሲቲ ማስተማር የጀመርኩ ዕለት ክፍለ ጊዜውን ሙሉ ብቻዬን አወራሁ። ትምህርቱ ፕሮግራሚንግ፣ ስላይዱም ማብራሪያዬም በእንግሊዝኛ። «ገባችሁ?» ስል ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ!» አለ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ፤ የዋህ!

የአጋማሽ ፈተናው ሲታረም ጉድ ፈላ። ሉፕን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ አንድን ትእዛዝ ደጋግሞ እንዲፈጽም የሚደረግበትን ዘዴ፣ አብዛኛው ተማሪ ስቶታል። ከሁሉ ያሳዘነችኝ ከአርጆ ገጠር የመጣችው ጫልቱ ናት። ቀድሞም ማስጠንቀቂያ ነበረባት፤ ይህን ኮርስ ከወደቀች ትባረራለች።

«ባርሲሳ፣» አለችኝ፤ እዚያ መምህርን እንዲህ ነው የሚጠሩት። «ቤት ተመልሼ ምን እላቸዋለሁ?» አንጀቴን በላችው።

ስለዚህ ተማሪዎቹን በቡድን ከፋፍዬ ጎበዞቹ ሌሎቹን እንዲያስተምሩ አደረግሁ። የትምህርት ክፍል ኃላፊያችን ይህን ሰምቶ ጠራኝ።

«ተማሪ ተማሪን ካስተማረ አንተ ደሞዝ የምትበላው ምን ሠርተህ ነው?»

«እስከ ማጠቃለያ ፈተና ታገሠኝ» አልኩት።

ጎበዞቹ ግን፣ ወይ ጉድ! ጠመኔ ጨብጠው ልክ እንደ እኔ ያወሩ ጀመር። «ገባችሁ?» «አዎ!» ሳቄ መጣ። ጫልቱ አልሳቀችም።

«እኛ ጋ ጤፍ በደቦ ሲታጨድ ከየት እንደሚጀመር የሚናገረው የማሳው ባለቤት ነው፤ ጉልበተኛው አይደለም» አለች። «እዚህ ግን የቱ ጋ እንደከበደኝ የጠየቀኝ የለም።»

ከዚያ ወዲያ ደንቡ ይኸው ሆነ። የቸገረው ሰው ኮዱን ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ ያሰበውን መስመር በመስመር ይናገራል፤ ሌላው መጠየቅ እንጂ ጠመኔ መንካት አይችልም። በኦሮምኛም በአማርኛም ይሁን፣ ግድ የለኝም። እኔ ከኋላ ተቀመጥኩ።

ጫልቱ ቀድማ ወጣች። የጻፈችው ሉፕ ማብቂያ አልነበረውም፤ ስንት ጊዜ እንደደገመ የሚይዘው ቆጣሪ ንቅንቅ አይልም።

«ቆጣሪው ላይ አንድ የሚጨምረው ማነው?» አላት ገመቹ የሚባል የክፍል ጓደኛዋ።

«ራሱ ነዋ!»

«እስቲ የቱ መስመር ላይ?»

ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች አየችው። «ዋቃዮ፣ አምላኬ! እኔ ነኛ መጻፍ ያለብኝ!»

ግማሹ ክፍል «እኔም ራሱ የሚጨምር መስሎኝ ነበር!» እያለ ተንጫጫ። ያን ሁሉ ሳምንት ሳስተምር ይህን አንድም ቀን አልሰማሁም።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ከምንም በላይ የሚናፍቀኝ ያ ጫጫታ ነው።

ያኔ የማጠቃለያ ፈተናው ሲታረም ጫልቱ ኮርሱን በሲ አለፈች። «ሲ ናት እኮ» አለኝ ኃላፊው ውጤቱን አይቶ።

«አዎ፣ ሲ ናት። አርጆ ግን አልተመለሰችም» አልኩት።

ተማሪ ምን እንዳልገባው የሚታወቀው ራሱ ሲናገር ነው። መምህሩ ዝም ማለት አለበት።