ወደ ላይ የሄደው ሮኬት

ዛሬ በሐይቁ ላይ የአየር ትርኢት የሚያሳዩት ጄቶች ፓርክዴል የተባለው ሰፈር ያለውን የአፓርታማዬን መስኮት ሲያንቀጠቅጡት፣ ልጅ ሳለሁ ያየሁት ሮኬት ትዝ አለኝና ልቤ በደስታ ዘለለ።

አባቴ ያኔ ከምንኖርበት ከሬክስዴል እስከ ፍሎሪዳ ድረስ መኪና ነድቶ፣ ሮኬት ሲመጥቅ ወደሚታይባት የባሕር ዳር መዝናኛ ከተማ ወሰደን። ከአገር ቤት ከመጣች ገና ወራት የሆናት ታላቅ እህቱ፣ አክስቴ አስካለም አብራን ነበረች።

አሸዋው ላይ ሰው ጢም ብሏል። ቆጠራው ሲጀመር እኔም ከማላውቃቸው ልጆች ጋር እየዘለልኩ ጮህኩ። ከውሃው ማዶ እሳት ቦግ አለና ሮኬቱ ድምፅ ሳያሰማ ተነሣ። ድምፁ የደረሰው ቆይቶ ነው፤ ደረቴ ውስጥ ገብቶ ነጎደ።

አክስቴ በደረቷ አሸዋው ላይ ተደፋች። እግሬን ይዛም ከሥሯ ልታስገባኝ ጎተተችኝ።

አባቴ አጠገቧ ተንበርክኮ፣ "እትዬ፣ ቀና በይ! እዪው!" አላት።

ቀስ ብላ አንገቷን አቀናች። "ወደ ላይ ነው እንዴ የሚሄደው?"

"አዎ፣ ወደ ላይ ነው።"

"እኛ ላይ አይወርድም?"

"አይወርድም፣ እትዬ።"

ብድግ አለችና እጄን ይዛ ከነቀሚሷ ውሃው ውስጥ ገባች። "ሂድ! ሂድ!" እያለች እልልታዋን ስታቀልጠው፣ አጠገባችን የነበሩት ፈረንጆች አጨበጨቡላት።

"ሮኬት ወደ ላይ ሲሄድ ዛሬ ገና አየሁ" አለችኝ እያለከለከች።

ሮኬት ሌላ የት ይሄዳል ብዬ ሳቅኩባት። አገር ቤት በነበረው ጦርነት ሰፈሯ በሮኬት መመታቱን የነገረችኝ ካደግኩ በኋላ ነው። ያን ቀን የገባኝ፣ ከሁላችንም በላይ የተደሰተችው እሷ መሆኗ ብቻ ነበር።